ማውዝ ጋርድ እንዴት ይመረጣል? ጎንደር ላይስ እንዴት ይገጠማል?

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ማታ ልምምድ ላይ ሳለን፣ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በእግር አፉን ተመታ። የጥርስ መከላከያ አድርጎ ነበር። ግን ከሱቅ ሲመጣ እንደነበረ፣ ከማሸጊያው አውጥቶ በቀጥታ ያጠለቀው ነው፤ በሙቅ ውሃ አልተለሰለሰም፣ በጥርሱ ልክ አልተቀረጸም። ምቱ ሲያርፍበት መከላከያው ተስፈንጥሮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ፤ የገዛ ጥርሱ የታች ከንፈሩን ከውስጥ ቀደደው። እናቱ ልትወስደው ስትመጣ ከንፈሩን አየት አደረገችና «ማስተር፣ ገዝቼለት የለም እንዴ? ታዲያ ምኑን ተከላከለው?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ልጁን ለፍልሚያ ከማስገባቴ በፊት አፉን ከፍቶ እንዲያሳየኝ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ በአዳራሹ የሚለማመዱትን ልጆች መከላከያ አንድ በአንድ አየሁ። ግማሾቹ ጭራሽ አልቀረጹትም። የቀረጹትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ነክሰው አሳስተውታል፣ ወይም ስላስቸገራቸው በመቀስ ቆርጠው የፊት ጥርስን ብቻ የሚሸፍን ጉማጅ አድርገውታል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው። ጎንደር ላይ ቴኳንዶ፣ ቦክስ፣ ኪክ ቦክስ፣ ካራቴ ወይም ውሹ ለሚለማመድ ሁሉ ይሆናል።

ምን ያደርጋል?

አዳራሹ ውስጥ ማውዝ ጋርድ እንለዋለን፤ የቦክስ ልጆች ማውዝ ፒስ ይሉታል። በላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ልስልስ ፕላስቲክ ነው። አብዛኛው የሚሠራው በአጭሩ ኢቪኤ ከሚባል፣ ሲሞቅ ከሚለሰልስና ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ ይዞ ከሚቀር ፕላስቲክ ነው። ይህችን ጠባዩን ያዙልኝ፤ ኋላ ስለ ውሃው ስናወራ ትመጣለች።

ሙሉ ጀሪካን ውሃ በቀጭን ሲባጎ አንጠልጥሎ የተሸከመ ሰው መዳፉ እንዴት እንደሚቆረጥ ያውቃል። ያንኑ ጀሪካን እጀታው ላይ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ብትይዙት ክብደቱ አልቀነሰም፤ ግን በመዳፋችሁ ስፋት ላይ ተከፋፍሏል። ተረከዝ ወይም ቡጢ አፍ ላይ ሲያርፍም እንዲሁ ነው። መከላከያ ከሌለ ጉልበቱ ሁሉ በአንዲት የፊት ጥርስ ላይ ይሰበሰባል። ካለ ግን ፕላስቲኩ ከምቱ ከፊሉን ራሱ ይውጠዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ለብዙ ጥርሶች ያካፍላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ከላይ መሃል ያሉት ሁለቱ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ ከሁሉም ወደፊት ወጣ ብለው የቆሙት እነሱ ስለሆኑ።

ሁለተኛው ሥራው ከንፈርና ጉንጭን ከራሳችን ጥርስ መለየት ነው። ምት የቆዳውን ውጪ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሥጋውን ከጥርሱ ስለት ጋር አጋጭቶ ከውስጥ ይቀደዋል። በልጁ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሦስተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ አያስበውም። አገጭ ከሥር ወደላይ ሲመታ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ጋር ይጋጫል። በዚህ ጊዜ የሚሸረፉት የኋላ የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው፤ ምላስም መሃል ገብታ ትነከሳለች። ስለዚህ መከላከያው እስከ መንጋጋ ጥርስ ድረስ መድረስ አለበት፣ በላይና በታች ጥርስ መካከልም ውፍረት ሊኖረው ይገባል። የፊት ጥርስን ብቻ የሚሸፍን ጉማጅ ይህን ሥራ አይሠራም።

የማይሠራውንም ልንገራችሁ። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ አንጎልን ከመናወጥ እንደሚያድን ተጽፎ ታያላችሁ። በፍልሚያ ስፖርት ላይ የተደረጉ ጥናቶች በዚህ ነገር አልተስማሙም። ስለዚህ ልጃችሁ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከዞረበት፣ ካስመለሰው፣ ወይም የሆነውን ካላስታወሰ፣ አፉ ውስጥ ምንም ዓይነት መከላከያ ቢኖር ልምምዱ ለዚያ ቀን አብቅቷል፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ዕቃው አዲስ አይደለም። በ1890 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዎልፍ ክራውስ የተባለ የለንደን የጥርስ ሐኪም ለቦክሰኞች ከጉታ ፐርቻ፣ ማለትም ከዛፍ ወተት ከሚገኝ ሙጫ መሰል ነገር፣ በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ሽፋን ያዘጋጅ ነበር። ልጁ ፊሊፕ ክራውስ ደግሞ ደጋግሞ የሚጠለቅ የጎማ መከላከያ ሠራ። የሚገርመው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን የሚያጠልቅ ቦክሰኛ «ያለ አግባብ ተጠቀመ» እየተባለ ይከሰስ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ወርልድ ቴኳንዶም ሆነ የዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን ያለ መከላከያ ለፍልሚያ አያስገቡም።

ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ወርልድ ቴኳንዶ የሚፈቅደው ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ብቻ ነው። በአማተር ቦክስ ደግሞ ቀይ ወይም ቀይ የተቀላቀለበት አይፈቀድም፤ ዳኛው ደም ከአፍ መፍሰሱን መለየት ይከብደዋል። ጥቁርና አረንጓዴ የተቀባ፣ የነብር ጥርስ የተሳለበት ለልምምድ ይሆናል እንጂ ውድድር ላይ ከምንጣፍ ያስመልሳችኋል። ምርጫ ካላችሁ ነጭ ወይም ቀለም አልባ ግዙ፤ ለሁሉም ይሆናል።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው እንዳለ የሚጠለቅ ነው። አይቀረጽም፤ አንድ ልክ ለሁሉም ተብሎ የተሠራ ነው። ጥርስ ላይ ስለማይቆም ለመያዝ ሁልጊዜ መንከስ ያስፈልጋል፤ የነከሰ ሰው ደግሞ አይናገርም፣ በደንብ አይተነፍስም። ይህን አትግዙ። ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው በሙቅ ውሃ ተለስልሶ በጥርስ የሚቀረጸው ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ስለሆነ የጽሑፌ አብዛኛው ክፍል ስለ እሱ ነው።

ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም የሚሠራው ነው። ሐኪሙ የጥርሳችሁን ቅርጽ በሚረጋ ሊጥ መሰል ነገር ይወስዳል፣ ከዚያ በጀሶ የጥርሳችሁን አምሳያ ያወጣል፣ በአምሳያው ላይ የሞቀ የኢቪኤ ዝርግ በአየር መሳቢያ መሣሪያ ያጣብቃል። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ውፍረቱ በሚፈለገው ቦታ ይጠበቃል፣ ሳይነከስ ይቆማል፣ ይነገርበታል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ለሌላ ጉዳይ ስትሄዱ «የስፖርት የጥርስ መከላከያ ትሠራላችሁ? ዝርጉን የሚያጣብቀው መሣሪያ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለውድድር በየሳምንቱ የምትፋለሙ ከሆነ ወጪው አያስቆጭም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚለማመድና ጥርሱ ገና እየተለወጠ ላለ ልጅ ግን ሁለተኛው ዓይነት፣ በሥርዓቱ ከተገጠመ፣ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ሱቅ ስትገቡ አራት ነገር እዩ። ማሸጊያው ውስጥ የአገጣጠም መመሪያ አለ ወይ? የልጅና የአዋቂ ልክ ተለይቶ ተጽፏል ወይ? በብዛት የልጆች ተብሎ የሚሸጠው እስከ 10 ወይም 11 ዓመት ነው፤ ግን ከዕድሜ ይልቅ የአፍ ስፋት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የሚነከስበትን ወለል በጣት ጨምቁት፤ ቢያንስ 3፣ ቢቻል 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ሲገጠም የተወሰነውን ያጣል። ከ4 በላይ ሲወፍር ግን የሚጨምረው ጥበቃ ትንሽ ነው፤ አፍ መሙላቱ ብቻ ይተርፋል። አራተኛ፣ አሽትቱት። ኃይለኛ የጎማ ወይም የቤንዚን ሽታ ካለው አፋችሁ ውስጥ አታስገቡት።

ላይና ታች ጥርስን አንድ ላይ የሚይዝ ድርብ መከላከያም አለ። መተንፈሻ ቀዳዳ ቢኖረውም አፍን ቆልፎ ይይዛል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ፍልሚያው ሲሟሟቅ አፍ ከፍቶ መሳብ የግድ ይላል። ለጀማሪ አልመክረውም።

የጎንደር ውሃ

መመሪያው ላይ «ውሃ አፍሉ፣ ለ30 ሰከንድ ንከሩ» ይላል እንበል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ያሰበው ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላበትን፣ ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ የማይል አገር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ እየተንፈቀፈቀ የምታዩት ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይጠጋል፤ መተማ ቆላ ላይ ደግሞ ወደ 98። ደጋ የወጣች ሴት ባቄላና ሽምብራ ለማብሰል ለምን ብዙ እንጨት እንደሚፈጅባት ታውቀዋለች፤ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ኢቪኤ በ93 ዲግሪም በደንብ ይለሰልሳል፤ ችግሩ ጊዜው ነው። መመሪያው ላይ ያለውን ሰከንድ ቆጥረው ሲያወጡት ገና እንደደረቀ ነው፤ ጥርሳቸው አይሰርግበትም፣ «ዕቃው አይረባም» ብለው ይጥሉታል። ውሃውን ከእሳት አውርደው ወደ ቀዝቃዛ ሳህን ገልብጠው የሚነክሩ ደግሞ ሌላ 10 ዲግሪ ያጡታል። በተቃራኒው «አልለሰለሰም» ብሎ በፈላ ድስት ውስጥ ረስቶት የሄደ ሰው የተጨማደደ ቁራጭ ያገኛል።

የኔ ምክር መመሪያው ከሚለው ጀምሩ፣ ከዚያ በየ10 ሰከንዱ በማንኪያ አንሥታችሁ እዩ የሚል ነው። ማንኪያው ላይ ሁለቱ ክንፎች ዝንብል ካሉ፣ ወለሉም በማንኪያ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲነካ ሰርጎድ ካለ፣ ደርሷል። ቀለሙ አንጸባራቂ ከሆነና መልኩን መልቀቅ ከጀመረ አልፏል። ለብዙ ልጆች ገጥሜ እንዳየሁት፣ ዓይን ከሰዓት ይበልጣል። ጠንካራ ውጫዊ ልባስ ያላቸው ግን ውጪያቸው ሳይለሰልስ ውስጣቸው ብቻ ይለሰልሳል፤ በእነሱ የክንፉ መዘንበል አይታይም፣ ውስጡን በማንኪያ ጫፍ መንካት ነው።

አገጣጠም

ከመንከራችሁ በፊት በደረቁ አጥልቃችሁ መስታወት ፊት ቁሙ። የኋላ ጫፉ የት ይደርሳል? ከመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ አልፎ ድዱን እየወጋ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ከሁለቱም ጫፍ እኩል፣ ጥቂት ጥቂት በስል መቀስ ቁረጡ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ትልቁን የመንጋጋ ጥርስ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ሁለተኛውን ቢጨምር ይመረጣል። አንዴ የተቆረጠ አይመለስም፤ ስለዚህ ሁለት ሚሊ ሜትር ቁረጡ፣ አጥልቁ፣ እዩ፣ እንደገና ቁረጡ። የላይ ከንፈራችሁን ብታነሡ ከመሃል ወደ ድዱ የምትወርድ ቀጭን የሥጋ ክር ታያላችሁ። የመከላከያው ጠርዝ እሷን ከነካ ይቆርጣታል፤ እዚያ ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳድ ተውላት። የቆረጣችሁትን ጠርዝ በጥፍር ሞረድ አለስልሱት።

ጥርሳችሁን ቦርሹ። ከእሳቱ አጠገብ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማንኪያና ንጹሕ ጨርቅ አዘጋጁ። ለልጅ የምትገጥሙ ከሆነ ልጁን ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት፤ ከአፉ መቃጠል ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የፈላ ድስት መገልበጥ ነው። ደግሞም ሥራውን አስቀድማችሁ በደረቁ አለማምዱት። ቀስ ብለህ ንከስ፣ ሳብ፣ ተጫን፤ ሦስት አራት ጊዜ ቢደግመው ሲሞቅ አይደነግጥም።

ሲለሰልስ በማንኪያ አውጡ፣ ውሃውን አራግፉ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰከንድ ብቻ ነክራችሁ አውጡ። ይህ ምላስና ድድ እንዳይቃጠል ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆየ መልሶ ይደርቃል። መስታወት እያያችሁ በላይኛው ጥርስ ላይ አስገቡት፤ መሃሉን በሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል አስተካክሉ። በሁለት አውራ ጣት የኋላውን ወደላይ ግፉት።

ዋናው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የጋለ ሙጫ እንደሚያጣብቅ ሁሉ በሙሉ ኃይሉ ይነክሰዋል። ጥርስ ለጥርስ እስኪገናኝ ነክሶ ወለሉን እንደ ወረቀት ያሳሳዋል፤ ከዚያ አገጭ ሲመታ በመሃል ምንም የለም። ንክሻው ለስላሳ ዳቦ ላይ ምልክት ለመተው ያህል ይሁን። የታችኛው ጥርስ ጥቂት ጎድጎድ ያለ አሻራ ይተው፣ ይብቃው።

ቅርጹን የሚያስይዘው ንክሻ ሳይሆን መሳብና መጫን ነው። ከንፈራችሁን ገጥማችሁ፣ አፍ ውስጥ ያለውን አየርና ውሃ በኃይል ወደ ውስጥ ሳቡ፤ ወፍራም አጥሚት በቀጭን ቀሰም እንደመሳብ ነው። በምላሳችሁ ከላንቃችሁ በኩል ወደፊት ግፉ። በጣቶቻችሁ ደግሞ ከውጪ፣ በከንፈርና በጉንጭ ላይ፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጆሮ አቅጣጫ እየተጫናችሁ ሂዱ። ለ20 እስከ 30 ሰከንድ አታቋርጡ። ከዚያ ሳታጣምሙ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት።

አሁን ፈትኑ። አጥልቁና አፋችሁን ከፈት አድርጉ፤ ሳትነክሱ ላይ መቆም አለበት። ራሳችሁን ግራና ቀኝ ነቅንቁ። በምላሳችሁ ወደታች ለመግፋት ሞክሩ፤ በቀላሉ መውለቅ የለበትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ሊገባው ይገባል። በአዳራሹ ውስጥ አሥር ጊዜ ዝለሉ፣ በአፋችሁ ተንፍሱ። ቀስ ብላችሁ ስትነክሱ ግራና ቀኙ እኩል ጊዜ መንካት አለበት፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከነካ መንጋጭላችሁን ያጣምመዋል፣ ማግስቱን ጆሮ ሥር ሕመም ይሰማችኋል። በመጨረሻ አውጡትና ወደ ብርሃን አንሡት፤ የመንጋጋ ጥርስ ያረፈበት ቦታ ላይ ብርሃን ከሌላው በጣም ገዝፎ ካለፈ፣ ነክሳችሁ አሳስታችሁታል።

ካልተሳካ እንደገና ማለስለስ ይቻላል፤ አብዛኞቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታገሣሉ። በእያንዳንዱ ጊዜ ግን ትንሽ ትንሽ ይሳሳል። የሳሳውን ውሃ መልሶ አያወፍረውም። አዲስ መግዛት ነው።

«ማስተር፣ ትንፋሽ ይከለክለኛል» የሚሉኝ ልጆች አሉ። አብዛኞቹን ሳያቸው መከላከያው ልል ነው። እንዳይወድቅባቸው ሲነክሱት አፋቸው ተዘግቶ ነው ትንፋሽ ያጠራቸው። በልኩ ሲገጠምላቸው ቅሬታው በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ለአዲስ ለማጅ ቤት ውስጥ ሲያጠና ወይም ሲሯሯጥ ለ15 ደቂቃ አጥልቆ መዋል ይረዳዋል።

ለየት ያለ አፍ

ጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያደረገ ሰው ይህን ከላይ የጻፍኩትን በራሱ አይሞክር። የለሰለሰው ፕላስቲክ ሽቦው ውስጥ ገብቶ ይደርቅና ሲወጣ ሽቦውን ነቅሎ ይመጣል። በዚያ ላይ የሽቦው ሥራ ጥርስን ማንቀሳቀስ ነው፤ ዛሬ በልክ የተቀረጸ ነገር ጥርሱን ባለበት ሊይዘው ይሞክራል። ለሽቦ ተብሎ የተሠራ፣ የማይቀረጽ ሰፊ ዓይነት አለ፤ ሽቦውን የሠራላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ላይም ታችም ሽቦ ካለ ሁለቱም መሸፈን አለባቸው።

የታችኛው መንጋጭላው ወደፊት የወጣ፣ የታች ጥርሱ የላዩን ቀድሞ የሚቆም ሰው፣ መከላከያውን በታችኛው ጥርሱ ላይ ቢያደርግ ይሻለዋል፤ ምቱን ቀድሞ የሚቀበለው እሱ ነውና። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ከልምምድ በፊት ያውልቀው፤ ተሰብሮ ጉሮሮ ሊገባ ይችላል። የወርቅ ልባስ ያለው ጥርስ ከጠበቀ ችግር የለበትም፤ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን የለሰለሰው ኢቪኤ ይዞት ሊወጣ ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም ያጥብቀው። አንዲት እናት «ድዴ የተነቀሰ ነው፣ ይጎዳው ይሆን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ልጇን አይታ ራሷ ቦክስ መለማመድ ጀምራ ነው። ንቅሳቱ አይጎዳም፣ ከመከላከያውም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ደስ ያለኝ ግን ጥያቄዋ ነው፤ ከመግጠሟ በፊት ጠየቀች።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ጥርስ ይወልቃል፣ ይበቅላል፤ አገጭም ያድጋል። መስከረም ላይ የተገጠመ ለፋሲካ አይሆንም። በየሦስት ወሩ ከላይ ያልኩትን ፈተና ድገሙላቸው፤ ከወለቀ ወይም ከጠበበ ቀይሩ። አዋቂም ቢሆን ጠርዙ ከተበላ፣ ከተሰነጠቀ፣ ወለሉ ከተቦደሰ አንድ ዓመት ጠብቁ አይባልም። መከላከያቸውን እንደ ማስቲካ የሚያኝኩ ልጆች አሉኝ፤ የእነሱ አራት ወር አይቆይም።

መዋዋስ

ይህን ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። «የሱን ልዋስና አንድ ዙር ልጫወት» የሚል ነገር በየአዳራሹ አለ። እንጀራ ከአንድ ገበታ የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሰዎች ነንና እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ግን ይህ ዕቃ የሌላ ሰው ጥርስ ቅርጽ ስለሆነ አይከላከላችሁም። ከዚያም ይብሳል፤ በምራቅና በደም የተነከረ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ በደም ይተላለፋል፣ ከአካል ውጪም በዕቃ ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀናት ሊቆይ ይችላል። የከንፈር ቁስል የሚያወጣው ቫይረስ ደግሞ ምራቅ ብቻ ይበቃዋል። ያጠበው ወንድሙ ቢሆንም አይዋዋሱ። በአዳራሻችን መከላከያ የረሳ ልጅ ያን ቀን ፍልሚያ አይገባም፤ ቴክኒክ ይሠራል፣ ፓድ ይመታል።

አያያዙ ቀላል ነው። ከአፍ እንደወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ቤት ሲደርሱ በልዩ ቡርሽና በትንሽ ሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ልጆች ለዚህ የምትሆን አንዲት ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ለይታችሁ ያዙ፤ ብዙ አይፈጅም። ማስቀመጫው ቀዳዳ ያለው ሣጥን ይሁን። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ከላብ ልብስ ጋር ቦርሳ ውስጥ መጠቅጠቅ ሻጋታ ማራባት ነው። ፀሐይ ላይ፣ መኪና መስኮት ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ አታኑሩት፤ በሙቀት የተሠራ ቅርጽ በሙቀት ይፈርሳል።

ጥርስ ቢወልቅ

መከላከያ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ይህን አለማማጅም ወላጅም ይወቀው። ከልምምድ አጋሮቼ ውስጥ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች አሉ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም ከተማችንን ሐኪም አላሳጣትም። መጀመሪያ ያስረዱኝ እነሱ ናቸው።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ተነቅሎ ቢወጣ ይሞታል ማለት አይደለም። በሥሩ ላይ ጥርሱን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙ ሕያው ሕዋሳት አሉ። እነሱ ሳይደርቁ ወደ ቦታው ከተመለሰ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጥርሱን ፈልጉ፤ በነጩ ጫፉ ያዙት፣ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈትጉ፣ በጨርቅ አትጥረጉ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በተጎጂው ምራቅ ለጥቂት ሰከንድ አለቅልቁት። ተጎጂው ነፍሱን የሚያውቅና የተረጋጋ ከሆነ፣ ጥርሱን በአቅጣጫው ወደ ጉድጓዱ መልሳችሁ ንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ እንዲነክስበት አድርጉ። ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ አስገቡት። ተራ ውሃ ውስጥ አታቆዩት፤ ውሃ ሕዋሳቱን ያፈነዳቸዋል። አረቄና አልኮል ደግሞ ይገድላቸዋል።

ጾም ነው፣ ቤት ውስጥ ወተት የለም እንበል፤ በሁዳዴ ይህ ያጋጥማል። የሱቅ የታሸገ ወተት ይሆናል፤ ካልሆነ ሙስሊም ጎረቤት ጋ ሩጡ። እሱም ከሌለ ተጎጂው አንዲት ንጹሕ ሲኒ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ እሱ ውስጥ ይቀመጥ። ከሁሉም የሚከፋው በመሐረብ ጠቅልሎ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ቢመለስ ተስፋው ትልቅ ነው፤ በደረቁ አንድ ሰዓት ካለፈው በጣም ይቀንሳል። ስለ ቴታነስ ክትባትም ሐኪሙን ጠይቁ።

የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሱት። ከሥሩ ገና በመብቀል ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። የሰባት ዓመት ልጅ የትኛው ጥርሱ የወተት፣ የትኛው ቋሚ እንደሆነ በድንጋጤ መካከል መለየት ያስቸግራል፤ የፊት ቋሚዎቹ ሰፋ ያሉና ሲበቅሉ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የሆነ ነው። ካላወቃችሁ ወተት ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ይለየዋል።

እኛ አሁን በአዳራሹ መግቢያ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ማታ የሚሠራ የጥርስ ሕክምና የት እንዳለ፣ ስልኩ፣ የባለ ባጃጁ ስልክ፣ ወተት የሚሸጠው ሱቅ። ከሥሩ ክዳን ያላት አንዲት ንጹሕ ብርጭቆ ተቀምጣለች። የዚያ የ14 ዓመት ልጅ እናት ናት ይዛ የመጣችው።